ነጠላ የለበሰ ካሜራ

እናቴ በሯ በተንኳኳ ቁጥር የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማነው?» መልሱም ዘወትር አንድ ነው፤ «እኔ ነኝ!» ለባዕድ ጆሮ ይህ መልስ ምንም አይነግርም። እናቴ ግን «እኔ» የሚለው ሰው ማን እንደ ሆነ ከድምፁ፣ ከሳሉ፣ የጫማውን ጭቃ ካራገፈበት አኳኋን፣ ውሻው ጮኾበት ወይም ጅራቱን ቆልቶለት እንደ ሆነ ትለየዋለች። ቤቷ አዲስ ዘመን ከተማ ዳር፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ነው። ክረምት ሲሆን ጭጋጉ ከገዳሙ ደን ወርዶ ግቢውን ስለሚሞላው ከበረንዳ ቆሞ የውጭውን በር ማየት የማይቻልበት ጠዋት ብዙ ነው። በዚያ ቤት ሰው የሚታወቀው በጆሮ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አባታችን ባረፈ በዓመቱ፣ አጥር ዘሎ የገባ ሰው ከማድቤቱ ጎን የነበረውን የውሃ መሳቢያ ሞተርና አንድ ጆንያ ጤፍ ይዞ ሄደ። ሞተሩ ያረጀ ነው፤ ጤፉም ቢሆን ለቅሶ አያስቀምጥም። እናቴ በስልክ ያወራችኝም ስለ ጠፋው ዕቃ አልነበረም።

«ኮቴ ሰማሁና ‹ማነው?› አልኩ» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ጨመረች፤ «‹እኔ ነኝ› የሚል ጠፋ።»

በማግስቱ ሦስታችን ልጆቿ፣ ወንድሜ ከሜሪላንድ፣ እህቴ ከሮም፣ እኔም ከአዲስ አበባ፣ በስልክ ተሰብስበን ተማከርን። ዘበኛ እንቅጠር የሚለው ሐሳብ «ዘበኛውንስ ማን ይጠብቀዋል?» በሚል ወደቀ። አዲስ አበባ እናምጣት የሚለውን እሷ ራሷ ንግግሩ ሳያልቅ ጣለችው። የቀረው ካሜራ ነበር። ገንዘቡን እነሱ ሊልኩ፣ ዕቃውን እኔ ልመርጥ ተስማማን። እኔ የመጻሕፍት ሰው ነኝ፤ ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር ቢኖር ፎቶ ስነሣ ዓይኔ እንደሚጨፈን ብቻ ነው።

መርካቶና መገናኛ ያሉትን ሱቆች ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዞርኩ። ሻጮቹ ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ ሜጋፒክሰል ነው፤ ሁለት አለ፣ አራት አለ፣ ስምንትም አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል፤ የእኔም ግራ መጋባት አብሮ ይጨምራል። ከሻጮቹ አንዱ ጥራቱን ሊያሳየኝ ስልኩን አውጥቶ የገዛ ሳሎኑን ከፈተልኝ። ሚስቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አንድ የማታውቀው ሰው እያያት መሆኑን አታውቅም። ደንግጬ ፊቴን አዞርኩ። ያ ድንጋጤ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር፤ አላስተማረኝም። ገመድ የማይፈልጉ፣ በባትሪ የሚሠሩ፣ ያዩትን ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር መጋዘን የሚልኩ ሁለት ካሜራዎች ገዝቼ ላክሁ። አንዱ ለበረንዳው፣ አንዱ ለሳሎኑ። የሳሎኑ የወንድሜ ሐሳብ ነበር። «ብትወድቅስ? ብትታመምስ?» ሲለኝ መልስ አጣሁለት፤ ዛሬም ቢሆን ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ነበር አልልም።

በአራተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። ካሜራው ተበላሽቷል፣ ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየው አለ። እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እማ፣ ሳሎን ያለው ካሜራ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ነጠላዬን ጣል አድርጌበታለሁ።»

«ለምን?»

«እንግዳ ባለበት ቤት ራሴን ገልጬ አልቀመጥማ ልጄ።»

ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም።

ብዙ ሳይቆይ የበረንዳውም ዓይን ጠፋ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ከተሞች የተመለሰውም ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ካሜራው ጤነኛ ነበር። ባትሪም ነበረው። ያልነበረው ያየውን የሚያስቀምጥበት የራሱ ኪስ ነው። እናቴ ከሥሩ ቆማ ብትመለከተው እንኳ እሱ የሚያየውን ማየት አትችልም፤ ምስሉ ከአዲስ ዘመን በረንዳ አዲስ ዘመን ሳሎን ለመግባት መጀመሪያ ባሕር መሻገር ነበረበት። ጥፋቱን በዕቃው አላሳብብም። በር ላይ ያለችውን ሴት ረስቼ ሩቅ ላሉ ልጆቿ የገዛሁት እኔ ነኝ።

በእነዚያ ወራት ከጭንቀት ብዛት ስለ ካሜራ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሰው እጅግ አስገረመችኝ። ዛሬ ባለ ካሜራ ኢንተርኮም የምንለው ነገር ከቀደምቶቹ አንዱ በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በተባለው ክፍል ትኖር የነበረች ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ፈጠራ ነው። የእሷም የባሏም የሥራ ሰዓት ሌትና ቀን የተቀላቀለበት ነበርና ብቻዋን የምታድርባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ፖሊስ ሲጠራ በጊዜ አይደርስም። ባሏ አልበርት ብራውን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበር። ሁለቱ ሆነው በ1966 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ማመልከቻ አስገቡ፤ ማረጋገጫውም በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ተሰጣቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በበሩ ላይ ለረጅምም ለአጭርም ሰው እንዲሆኑ ከፍና ዝቅ ብለው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ካሜራው ከቀዳዳ ቀዳዳ ወጣ ወረድ ይላል፤ ምስሉ መኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል፤ ከውጭ ካለው ሰው ጋር መነጋገሪያ አለ፤ በሩን ከሩቅ የሚከፍት ቁልፍም አለ።

ሥዕሉን ደጋግሜ ተመለከትኩት። የሚያየው ማነው? የፈራችው ሴት ራሷ ናት። ሌላ ማንም በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም። እኛ ግን ዓይኑን ሜሪላንድ ወስደን፣ ፍርሃቱን አዲስ ዘመን ትተነው ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ግዢ ስንት ሜጋፒክሰል የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆይቼ፣ ዓይኑ በማን እጅ ይሁን የሚለውን አስቀደምኩ። ያን ጊዜ ምርጫው ግማሹ በራሱ አለቀ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ አገር ቤት ሄድኩ። ከደብረ ታቦር አንድ ወጣት ካሜራ ገጣሚ አመጣን። ልጁ ንግግሩ ጥቂት ነው። ሻንጣውን ሳይከፍት፣ «ሌሊት ኮቴ ሲሰማ የሚነሣው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ናት አልኩት። «እንግዲያው የምንጠይቀው እሳቸውን ነው» አለና ከእኔ ዞሮ ከእሷ ጋር መነጋገር ጀመረ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ካሜራውን ለሙከራ ከጣራው ጫፍ ላይ አሰረና፣ ሲመሽ የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ እንደ ሌባ ከበሩ ወደ ግቢው እንድራመድ አዘዘኝ። አደረግሁት። ተመልሼ የተቀዳውን ስናይ ሌባ የለም፤ ራስ የሌለው ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ ይታያል። ምክንያቱን አስረዳኝ። ካሜራው ሌሊት የሚያየው ለሰው ዓይን በማይታይ በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ነጭ ጥጥ ያን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልሰው ጋቢው እንደ ፋኖስ ሲበራ ፊቱ ይጨልማል። ከጣራ ላይ ደግሞ የሚታየው የአናት ልብስ እንጂ ፊት አይደለም። ደጋው ብርድ ነው፤ እንኳን ሌባ ጻድቅም ሌሊት ተከናንቦ ነው የሚሄደው። እናቴ ስለ ኢንፍራሬዱ አልሰማችም። ከትንሿ መስኮት ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «የሱ ጋቢ ነው» አለች።

ካሜራው ወረደ፤ ከበሩ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ ተሰቀለ። በሩ ላይም ተራ አምፖል ተደረገለት። ብርሃን ካለ ካሜራው ሌሊትም በቀለም ያያል፤ ጋቢም ጋቢ ይሆናል። ይህ አምፖል ከገዛነው ዕቃ ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በጥቅም ትልቁ ነው።

ስለ ሌንስም ልጁ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ ማንም አልነገረኝምና። በአውሮፓ የሚሠራበት መለኪያ አለ፤ የማያውቁትን ሰው ፊት ከምስል ለይቶ ለማሳየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ የሚያውቁትን ሰው «እገሌ ነው» ለማለት ግን 125 ይበቃል። የተለመደው 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ በአግድም 1,920 ፒክሰል አለው። 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሲኖረው 100 ዲግሪ ያህል ስለሚያይ ያ ሁሉ ፒክሰል በግቢው ስፋት ይበተናል፤ ሰውየው ከ3 ሜትር ጥቂት ካለፈ ለዳኛ የሚቀርብ ፊት አይገኝም። 6 ሚሊሜትሩ የሚያየው ግማሹን ያህል ነው፤ ፊትን ግን እስከ 8 ሜትር ይይዛል። እኔ ሰፊ የሚያየውን ስመርጥ ኖሬአለሁ። አሁን ጠባቡን ለበሩ፣ ሰፊውን ለጓሮው አደረግን። እናቴ ደግሞ የአገሩን ሰው ሁሉ ስለምታውቅ ለእሷ 125ቱ ይበቃታል፤ ሁለት መቶ ሃምሳው ለእኔ ዓይነቱ ከአገር ለራቀ ሰው ነው።

ሌላው ሒሳብ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሁለቱ 43 ገደማ። አንድ ቴራባይት ዲስክ እንግዲህ 23 ቀን ይይዛል፤ ከዚያ አሮጌውን እየደመሰሰ በአዲስ ይተካል። ሌባ መቅጃውንም ይዞ እንዳይሄድ ልጁ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ለአየር ከኋላው ቀዳዳ በስቶ አስቀመጠው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው፤ ዕቃዎቹ ሁሉ 20 ዋት ያህል ስለሚወስዱ በስሌት 4 ሰዓት፣ በተግባር 3 ሰዓት ያቆያል። ከኢንተርኔት ጋር ግን ጨርሶ አላገናኘነውም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን እጅግ ብዙ ካሜራዎችና መቅጃዎች ወርሮ፣ በጥቅምት ወር በእነሱ አማካይነት የታላላቅ ድረ ገጾችን መንገድ ዘግቶ እንደ ነበር ካነበብኩ በኋላ የእናቴ በር እዚያ ጦርነት ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም። የይለፍ ቃሉን ያወጣችው እሷ ናት። ለእኔም አልነገረችኝ።

«ታዲያ እኔ ምን አያለሁ?» አለ ወንድሜ።

«ደውልላትና ጠይቃት» አልኩት። ለሁለት ሳምንት ተኮራረፍን።

በሦስተኛው ቀን ከፊት ለፊት ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን መጣች። ቡና ቀርቦላት አልጠጣችም። «እትዬ፣ የኔንም ደጅ ታያለች ይሉኛል» አለቻት እናቴን። እውነቷን ነው። የበሩ ካሜራ በአንድ ጎኑ መንገዱን ተሻግሮ የጠላ ቤቷን መግቢያ ይነካል። ገጣሚው ልጅ መፍትሔ አለኝ አለ፤ በምስሉ ላይ የእሷን ደጅ የሚሸፍን ጥቁር ሳጥን ማድረግ ይቻላል። አድርጎም አሳያት። እሷ ግን መስኮቱን አላየችም፤ ወደ ውጭ ወጥታ ካሜራውን ቀና ብላ ተመለከተችው።

«ጥቁር መቀባታችሁን ጠጪው በምን ያውቃል? ዓይኑ ወደኔ እንደ ዞረ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ክርክር ከሕግ ባለሙያ አልሰማሁም። ሕጉ አለ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ይጠብቃል፤ የግል መረጃን ስለ መጠበቅም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በሁለት ደጆች መካከል ግን ዳኛው መሰላሉ ነበር። ልጁ ወጣና የካሜራውን አንገት ወደ እኛ በር አዞረው። የመንገዱን ሲሶ አጣን። ጎረቤታችን ቡናውን ጠጣች።

ስለ ድሮው ዘመን ማሰቤ አልቀረም። ካሜራ ሳይኖር ሌባ የሚፈለገው በአውጫጭኝ፣ ሌሎች አፈርሳታ በሚሉት ሸንጎ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሰዉ ከሥራው ይታገዳል፤ ካልተገኘም ካሣውን ነዋሪው በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። መንደሩ ራሱ ካሜራ፣ ራሱም መቅጃ ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲናፍቅ እሰማለሁ። እኔ አልናፍቀውም፤ ባልሰረቀው ነገር እርሻው ዳዋ የዋጠው ገበሬ ስንት ይሆን? ነገር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠይቅበት መንገድ ጨርሶ ባይጠፋ እወዳለሁ።

የወንድሜን ጥያቄ የፈታችውም ይህችው ጎረቤት ናት። ሽቦ አልባ የበር መጥሪያ ገዛን፤ ቁልፏ አውራ ጣት የምታህል ናት፤ እናቴ ከማተቧ ጋር አሰረቻት። የሚጮኸው ክፍል፣ መብራት ቢጠፋም እንዳይታማ በባትሪ የሚሠራውን መርጠን፣ ጠላ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ። ብትወድቅ ሜሪላንድ አይሰማም፤ መንገዱን ተሻግራ የምትመጣ ሴት ግን ትሰማለች። የሳሎኑ ካሜራ ወርዶ በካርቶኑ ተመለሰ።

ኢንተርኮሙ መጨረሻ ቀረ። ጎንደር የነገሥታቱ ግቢ አጥር ላይ በሮቹ እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር። ማን በየት እንደሚገባ የታወቀ ነበር። በደጅ ያለውን ባለጉዳይ የሚያስገባው አጋፋሪ ነው፤ ወደ ጌታው ክፍል የሚያስቀርበው ወይም የሚመልሰው እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ ከታላላቅ ማዕረጎቻችን አንዱ፣ ደጃዝማችም፣ በስሙ ውስጥ ደጅን ይዞ ይኖራል። በር መክፈትና መዝጋት በዚህ አገር ሹመት ነበር። እናቴም ሹመቷን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። 7 ኢንች መስኮት ያለው፣ እንደ ስልክ የሚነሣ እጀታ ያለው፣ በአራት ሽቦ ከበሩ ጋር የሚገናኝ መረጠች፤ እጀታ የሌለውን «ከግድግዳ ጋር አላወራም» ብላ መለሰችው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አለ፤ ከውስጥ ሲጫኑት በሩ ይከፈታል፤ መብራት ቢጠፋም በተራ ቁልፍ ይሠራል፤ ከውስጥ የሚወጣ ሰው በእጁ ከፍቶ ይወጣል። እኔ በዚህ ኮርቼ ነበር። ዝናብ ላይ መውጣት ቀረልሽ አልኳት።

«ሰው መጥቶ በሩ ብቻውን ሊከፈትለት?» አለችኝ። «እኔ የት ሄጄ?»

ቁልፉ ተገጥሟል። ተጭናው አታውቅም። አይታ፣ ጠይቃ፣ መልስ ሰምታ፣ ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች።

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ ማታ ከእሷ ጋር በስልክ እያወራሁ ሳለ ኢንተርኮሙ ጮኸ። «ቆይ» አለችና እጀታውን አነሣች። ስልኬ ውስጥ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብና ከሩቅ የሚጮኽ ጅራፍ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ!» «እኔ ነኝ!» «እኔ ነኝ እማማ!» የብዙ ልጆች ድምፅ ተደራረበ፤ ወዲያውም ዱላው መሬቱን እየመታ ሆያ ሆዬው ተጀመረ።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለችኝ፤ ከመስኮቱ ላይ መቁጠሯ ነው። «የጋገርኩት ሙልሙል ግን ዘጠኝ ነው። ስልኩን እንዳትዘጋው።» እጀታውን ከስልኩ ጎን አስቀምጣው ወጣች። ዘፈኑን በሁለት ዕቃ ውስጥ ተላልፎ፣ ቀጥኖ፣ ተንሻፎ ሰማሁት። የእሷን እርምጃ አልሰማሁም። መቀርቀሪያው ተንቋቋ፤ ልጆቹ ጮኹ፤ አንዱ ስሙን ስትጠራው ሰማሁ፣ ሌላውን የማን ልጅ እንደ ሆነ ስትጠይቀው ሰማሁ። ከዚያ ኢንተርኮሙ፣ እንደ ልማዱ ጊዜው ሲሞላ፣ በራሱ ተዘጋ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ስልኩን ይዤ ጠበቅሁ።